ፍሬን የያዘ ዛፍ

ይጁቤ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለተወደድኸው የወንድሜ ልጅ፣ እጄ ላይ ላደግኸው ፈሐድ። ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? የሻርጃ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? እኔ አላህ ይመስገን ደኅና ነኝ። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብኝ የለም።

መኪናዋ ገባች። አንተነህ የሚባለው ሾፌር ከጅቡቲ ድረስ አንድ ቦታ ሳያስጭራት አምጥቶ፣ ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ሳለ በራፌ ላይ አቆማት። ገበያተኛው ግማሹ እህሉን ጥሎ ሊያያት መጣ። ወንበሯን የሸፈነው ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሣም። አርባ ዓመት የሰው አይሱዙ ስነዳ ኖሬ አዲስ መኪና ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ ከሪማ ሳታያት መሄዷ ቆጨኝ። ከሞተች በዚህ ወር ሁለት ዓመት ሞላት።

አንተነህ ገበያው ዳር አሥር ደቂቃ አስተማረኝ። ፍሪሲዮን የላትም፣ ማርሽ መቀየር የለም፣ ሁሉንም ራሷ ታውቃለች አለኝ። መሪጌታ አካለ ወልድን ታስታውሰዋለህ፣ የዲማውን የቅኔ መምህር፣ ወዳጄን። ቆሞ ሲሰማ ቆየና ኮፈኗ ላይ እጁን አሳርፎ «ማርሽ ከጠፋ እንግዲህ ምን ጣዕም አለሽ?» አላት። እንደ ሴት አናግሮ ማሯ ጠፋ ማለቱ ነው። ሽማግሌ ሆኖም ይህን ልማዱን አልተወም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። ስጦታህን ማጣጣል እንዳይመስልብኝ ሳስብበት ነው የሰነበትሁት። መኪናዋ ታመነታለች። ነዳጅ ስሰጣት ታጓራለች እንጂ አትሄድም። እንደ ሙሽራ ስትግደረደር ትቆይና ድንገት ትወረወራለች። ሜዳ ላይስ ይቻላል፤ ዳገት ላይ ግን ያስፈራል። ባለፈው ሰኞ የስኳር ቀጠሮዬ ነበረና ለደብረ ማርቆስ ተነሣሁ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ፣ የጭነት መኪና ከኋላዬ እያለ፣ ቆመችብኝና ተመለስሁ። የላክሃት የሚኒባስ ተራ ስጠብቅ ቀጠሮዬ እንዳያልፍብኝ ብለህ መሆኑን አውቃለሁ። ቀጠሮ አይጠፋም፣ በሚመጣው ወር እሄዳለሁ። አንተ የማርሹን ሣጥን፣ ካምቢዮውን፣ ስትፈታ የምትውል መካኒክ ነህና በሽታዋን ንገረኝ። የዘይት ጉድለት ከሆነ ዘይት ላክልኝ።

ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይተኛል። ሲሠራም «ደኅና ነኝ» ከማለት ሌላ አይወጣኝም። ደብዳቤ ይሻለኛል። ይህን ለጨርቅ ነጋዴው ለሙስዓብ ሰጥቼዋለሁ፤ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ይሄዳልና ከዚያ ይልክልኛል።

አጎትህ ጀማለዲን


ሻርጃ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለተከበሩ አጎቴ፣ እንደ አባት ላሳደጉኝ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፣ ሙቀቱም ረገብ ብሏል።

ደብዳቤዎ በሃያ ቀኑ ደረሰኝ። ምሳ ሰዓት ላይ የአንድ ሰው መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ አነበብሁት። እዚህ ሀገር ስድስት ዓመት ስኖር የመኪና ሆድ እንጂ የሰው ፊት ብዙ አላየሁም።

ማመንታት ያሉትን በሽታ አውቀዋለሁ። በቀን ሁለት ሦስት መኪና በእሱ ይመጣልናል። የዛሬ ካምቢዮ እንደ ድሮው አይደለም፤ ኮምፒዩተር አለው፣ የነጂውንም እግር ይማራል። ረጋ ብሎ የሚረግጥ ከነዳት መርጋት ትለምዳለች፣ ችኩል ከነዳት መቸኮል። ከጅቡቲ ያመጣት አንተነህ ስለሆነ የእሱን እግር ለምዳ መጥታ ይሆናል። አንድ ሳምንት ሳይቸኩሉ ሜዳ ላይ ይንዷትና የእርስዎን እግር ትልመድ።

እስከዚያው ይህን ይመልሱልኝ። የምታመነታው ጠዋት ብርድ ላይ ነው ወይስ ሞተሯ ከሞቀ በኋላ? ብቻዎን ሲሆኑ ነው ወይስ ሰው ሲጭኑ? የሚሸት ነገር አለ?

ቀጠሮውን ግን እባክዎ በሚኒባስም ቢሆን ይሂዱ። መኪናዋን የላክሁት እኔ መምጣት ስላልቻልሁ ነው። እኔ ብኖር ይዤዎት እሄድ ነበር። ኢንሻአላህ ለዒድ አልፈጥር እመጣለሁ፤ አሠሪዬን ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

ልጅዎ ፈሐድ


ይጁቤ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም።

ልጄ ፈሐድ፣ እንደምን ሰነበትህ? እዚህ ብርዱ ገብቷል፣ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በአመዳይ ነጭ ይሆናል። አዝመራው ደኅና ነው።

ደብዳቤህን ለመሪጌታ አነበብሁለት። የነጂውን እግር ትማራለች የሚለው ላይ ስደርስ «በል አያ ጀማል፣ አንተም ደቀ መዝሙር አገኘህ» አለኝ። እንዳልኸኝ ሳምንት ሙሉ አስተማርኋት። ሰነፍ ተማሪ ናት።

ለጠየቅኸኝ፣ ብርድም ሙቀትም አትመርጥም፣ ሁሌ ታመነታለች። ሽታ ላልኸው፣ ዳገት ላይ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ነገር ይሸተኛል፤ አዲስ ስለሆነች ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ሰው ሲጭኑ ነው ወይ ላልኸው፣ ማንን እጭናለሁ ልጄ? አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። መንገድ ላይ እግረኛ ሳገኝ አነሣለሁ፣ ሁሉም ግን ቅርብ ወራጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ግማሽ ኩንታል ጤፍ እዚያ ወንበር ላይ ባስቀምጥ ሰው መስሏት ቀበቶ ይታሰር ብላ ጮኸች። አላባራ ስትለኝ ለጤፉ ቀበቶ አሰርሁለት። ከዚያ እስከ ቤቴ እያወራሁት መጣሁ። ትስቅ ይሆናል፣ እኔም ስቄ ነበር። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋኝ።

አንድ ደግሞ የመሪጌታን ልጨምርልህ። ማክሰኞ ዳገቱ ላይ ስታንገራግርብኝ እሱ በእግሩ ከኋላዬ ይመጣ ኖሮ ደረሰብኝ። በመስኮቱ ብቅ ብሎ «አያ ጀማል፣ ዛፍ ፍሬን ከያዘ ወዴት ይሄዳል?» አለኝ። ፍሬ ያለው ሰው እንደ ዛፍ ካገሩ አይነቃነቅም ማለቱ ነው። ነገሩ ወዳንተም ሳይሄድ አልቀረም፤ ስድስት ዓመትህ ነው። ስስቅ ጊዜ እሱ አልሳቀም፤ ትንሽ አየኝና መንገዱን ቀጠለ።

ስለ ስኳሩ አታስብ፣ ደኅና ነው። ዘይቱን አትርሳ።

አጎትህ ጀማለዲን


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም፣ የተከበሩ አጎቴ።

ዘይቱን ወደ ሀገር በሚገባ ልጅ እጅ ልኬያለሁ። ደብረ ማርቆስ ካምቢዮ የሚያውቅ ሰው ይቀይርልዎ። ዘይት ተቀይሮላትም የማትድን ከሆነ የኮምፒዩተሯ ጉዳይ ነውና ሌላ መላ እፈልጋለሁ። የእርስዎን ነገር ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያቸው እየተከራከሩበት ነው። አንዱ ከፍታው ነው ይላል፣ ሌላው ነዳጁ ነው ይላል።

የጤፉን ነገር ሳነብ ሳቅሁ። ከዚያ ተነሥቼ ወጣሁና ጥቂት ዞር ዞር ብዬ ተመለስሁ። በክፍላችን ስድስት ነን፤ ሁሉም የየቋንቋው ነው፤ በአማርኛ የሚስቅልኝ አንድም የለም።

የዒዱ ፈቃድ ገና አልተወሰነም። አሠሪዬ አያለሁ ብሎኛል። ቀጠሮዎን ሄዱ ወይ? አልጻፉልኝም።

ልጅዎ ፈሐድ


ይጁቤ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ።

ልጄ፣ ዘይቱ ደርሶ አንድ መካኒክ እዚሁ ድረስ መጥቶ ቀየረው። ውጤቱ ግን ያው ነው። ለጥር ቀጠሮም ተነሥቼ ከዚያው ዳገት ተመለስሁ። እውነቱን ልንገርህና ከመኪናዋ መምጣት ወዲህ ሐኪም አላየሁም። በሚኒባስ እንዳልሄድ በራፌ ላይ አዲስ መኪና አቁሜ ተራ ስጠብቅ ሰው ቢያየኝ ብዬ አፈርሁ። ከንቱ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ጎረቤታችን ፈውዚያ አልተለየችኝም፤ አላህ ይስጣት። ሰሞኑን ብርዱን አይታ አዝናልኝ ከሶላት በፊት ለውዱእ የሚሆን ሙቅ ውኃ በማንቆርቆሪያ አመጣችልኝ። ቀኙን እግሬን ሳጥብ ፈጀኝና ነጠቅሁት፤ ግራውን ግን እስከ መጨረሻው አጠብሁት። ወዲያው ጠብታው እጇ ላይ ቢያርፍ «ውይ፣ አያ ጀማል፣ ይህን እሳት እንዴት ቻሉት?» ብላ ማንቆርቆሪያውን ለቀቀችው። የሾፌር እግር ነው አልኋት። አርባ ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠ ግራ እግር ሙቅ ውኃ ይፈራል?

ስለ እግር ካነሣሁ፣ ዒድ ሳይደርስ ጫማ ላክልኝ። እስከ ዛሬ ቁጥሬ 42 ነበር፤ አሁን 43 ይሁን። ቀኙ ልኬ ነው፣ ግራው ግን ጠቦኛል። ጎንበስ ብዬ እንዳላይ ወገቤ እምቢ ይለኛል። ድሮ ጥፍሬን የምትቆርጠው ከሪማ ነበረች።

ለዒድ ትመጣለህ ብዬ አንተ ትተኛበት የነበረውን ክፍል አስለቅልቄያለሁ።

አጎትህ ጀማለዲን


ሻርጃ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ዛሬ ሰላምታዬን ስላሳጠርሁ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎችዎን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኋቸው። መሪጌታ የነገሩዎት ስለ ፍሬ አይደለም። ፍሬን ነው ያሉት፣ የሚረገጠውን ፍሬን። ፍሬን የያዘ ዛፍ አይሄድም ብለዎታል። ከኋላ ሲመጡ የፍሬኑ ቀይ መብራት ሲበራ አይተው ነው። አርባ ዓመት ለነዳ ሰው ስለ መንዳት መንገር ነውር ሆኖባቸው በቅኔ ሰጡዎት፣ እርስዎም ሰሙን ይዘው ሳቁ። እኔም ያን ቀን ስቄ አለፍሁ።

ግራ እግርዎ ፍሬኑ ላይ ተኝቷል። ፍሪሲዮን የነበረበትን ቦታ ሲፈልግ ያገኘው እሱን ነው። አዲስ መኪና ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ ሲረገጡባት ፍሬኑን ታምናለች፣ ነዳጁን ትቆርጣለች። የሚሸተውም ፍሬኑ ሲቃጠል ነው። መኪናዋ አላመነታችም አጎቴ፤ ስትታዘዝዎት ነው የከረመችው።

ይህ ብቻ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር፤ ፍሪሲዮን የለመደ ሾፌር ሁሉ የሚሳሳተው ነው። እኔን መንዳት ሲያስተምሩኝ ግን ግራ እግሬን ፍሪሲዮኑ ላይ ባሳረፍሁ ቁጥር ጉልበቴን በጥፊ ይሉኝ ነበር። «እግሩን ያስተኛ ሾፌር ራሱም ተኝቷል» ይሉኝ ነበር። እንዲህ የሚሉ ሰው አራት ወር ሙሉ ፍሬን ሲረግጡ እንዴት አልታወቅዎትም? ፈውዚያን ያቃጠለ ውኃ እንዴት አልፈጀዎትም? የጠበበዎት ጫማው አይመስለኝም፣ እግሩ አብጦ ነው። ግራ እግርዎ አይሰማዎትም። ስኳሩ ነው።

ይህን እንዳነበቡ ግራ ጫማዎን ያውልቁ። የውስጥ እግርዎን ሰው ይይልዎት። ፈውዚያን ካፈሩ መሪጌታን ያስጠሩ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ዳገቱ ላይ ግራ እግርዎን ከፍሬኑ ያርቁት፣ ትሄዳለች።

አራት ወር ስለ መኪናዋ ብርድና ሙቀት፣ ስለ ሽታዋ ጠየቅሁ። ስለ እርስዎ አንድ ጊዜም እንዲያ አድርጌ አልጠየቅሁም። ጫማውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፣ 43 ነው።

ልጅዎ ፈሐድ


ሻርጃ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም፣ የተከበሩ አጎቴ። ዒድ ሙባረክ።

ደብዳቤዬ ይድረስዎ አይድረስዎ አላወቅሁም። ስልክዎ ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም። ፈቃዱ አልተሰጠኝም። ለምኖ ማግኘት ይቻል ነበር፣ አልለመንሁም፤ ለምን እንዳልለመንሁ እኔም አላውቅም። መጥቼ የማየውን ፈርቼ ይመስለኛል።

አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ።

ፈሐድ


ይጁቤ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለተወደድኸው ልጄ ፈሐድ። እንዴት ከርመሃል? በሕይወት አለሁ፣ አልሐምዱ ሊላህ። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የዘገየሁት እጄ ታምሞ አይደለም። የማወራበት አፍ ጠፍቶኝ ነው።

የየካቲቱ የደረሰኝ ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን ነበር። አንብቤ ተናደድሁ። ልጅ መንዳት ሊያስተምረኝ አልሁና ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ መኪናዋ ላይ ተቀመጥሁ። እንዳልኸው ላያትና ልታዘብህ ብዬ ግራ እግሬን ወደ በሩ አሸሸሁት። ዳገቱ ሥር ስደርስ ግን፣ እኔ ሳላዝዘው፣ ተመልሶ ፍሬኑ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። መሄዱንም መመለሱንም አላወቅሁም። ያን ጊዜ በሁለት እጄ እንደ ዕቃ አነሣሁትና ከወንበሩ ሥር አስገባሁት። ቀኙን ረገጥሁ። ዳገቱን አንዴም ሳታንገራግር ወጣችው። አምስት ወር ስመኘው የነበረ ነገር ነውና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እላይ ስደርስ አቆምሁና መሪውን ይዤ አለቀስሁ። እሷ ጤነኛ ከሆነች ታማሚው ማን እንደሆነ ገባኝ።

ተመልሼ መሪጌታ ቤት ሄድሁ። «ቀዩን መብራት አይተሃል?» አልሁት። «አይቻለሁ» አለኝ። «ታዲያ ምነው በግልጽ ብትነግረኝ?» አልሁት። «ለባለሙያ ሙያውን መንገር ከበደኝ። ወርቁን ታወጣዋለህ ብዬ ነበር፣ ሰሙን ይዘህ ስትስቅ ደግሜ ማፍረስ አልቻልሁም። በድየሃለሁ አያ ጀማል» አለኝ። ከዚያ ጫማዬን አወለቀልኝ። ሶሉን አልፎ እግሬን የወጋ ሚስማር ነበር። የውስጥ እግሬን ሲያይ ምንም ቅኔ አልተናገረም። «ተነሥ፣ እንሂድ» ብቻ አለኝ።

እሱ በዐቢይ ጾም፣ እኔ በረመዳን፣ ሁለት ጦመኛ ሽማግሎች ደብረ ማርቆስ ገባን። አጠገቤ ሲቀመጥ ቀበቶ ይታሰር ብላ ጮኸችበት። መኪናዋን ከተቀበልሁ ወዲህ እስከ ከተማ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

ያየችኝ ሐኪም ሕሊና ትባላለች፣ የልጅ አዋቂ ናት። ቁስሉ አጥንቱ ድረስ ገብቷል አለችኝ። ሳምንት ያህል ሊያድኑት ሞከሩ። ከዚያ ከጉልበቴ በታች ተቆረጠ። ስልኩ ሲጠራ እሰማው ነበር፤ ምን ብዬ ላንሣው?

ጫማው ደርሷል፤ ቀኙ ልኬ ነው። ለሌላ ጊዜ ቀኙን ብቻ ላክልኝ እንዳልልህ ሻጩ እብድ ይልሃል። ግራውን ፈውዚያ ልትጥለው ስትል ከልክያታለሁ፤ ሣጥኑ ውስጥ አለ።

አራት ወር ስለ መኪናዋ ብቻ ጠየቅሁ ብለህ ራስህን ከሰሃል። በቀጠሮዬ ቀን የተመለስሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁህም እኔ ነኝ። ደግሞም የደበቅሁህ አንድ ነገር አለ። በሽታዋ ቶሎ እንዲድን አጥብቄ አልፈለግሁም። እሷ እያመነታች አንተ ትጽፍልኝ ነበር፤ ስትድን ምን ትጽፍልኛለህ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በፊት በዓመት ሁለት ደብዳቤ ነበር የማገኘው።

ከወር በፊት ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ባለፈው ቅዳሜ መሪጌታን ይዤ በመኪናዋ ወጣሁ። ለሷ ቀኝ እግር ይበቃታል። ሳታውቀው ለዚህ ቀን የምትሆነኝን መኪና ልከህልኛል፤ አይሱዙ ቢሆን ዛሬ ቤቴ ቁጭ ነበር። ዳገቱንም ሜዳውንም ታዝዛኛለች። በዚህ ቤተሰብ የሚያመነታ አንተ ብቻ ቀረህ።

ዘይት ብዬሃለሁ፣ ጫማ ብዬሃለሁ። የምፈልገው አንድም ቀን እነሱን አልነበረም። አረፋ ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን ቀርቶታል። ለዚያ ባይደርስልህ ከዚያ በኋላም ይሁን። መጥተህ የምታየውን ፈርተህ እንደሆነ፣ ይኸው ጽፌልሃለሁ፣ ከዚህ የባሰ የምታየው የለም። ናልኝ። ቀኑን ብቻ ጻፍልኝ፤ ደብረ ማርቆስ መነኸሪያ ድረስ እኔው ነድቼ መጥቼ እቀበልሃለሁ።

አጎትህ ጀማለዲን